እቤታችን የሚገባውን ባለሙያ ማን ይቆጣጠረዋል?

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ግን በሽታውን ስለሚሸሽግ ሰው ሳይሆን፣ በአካሚው የደረሰበትን በደል ስለሚሸሽግ ሰው ለመጻፍ ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ምናልባት ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁም ትሆናላችሁ።

ውድ አንባቢያን፣ አስቀድሜ ልናገር። እኔ የሕክምናም የሕግም ምሁር አይደለሁም። ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ የምነዳ፣ ሊንደሩድ በሚባል ሰፈር ከቤተሰቤ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን የተማርኩት ችግር ደጄ ድረስ መጥቶ አስገድዶኝ ነው። የዘመን አቆጣጠሩም በምኖርበት አገር፣ ማለትም በፈረንጆቹ ነው።

ሊንደሩድ ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ግሩሩድዳለን በተባለው ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። የምድር ባቡሩ በ1966 ሲደርስለት ሰፈሩ በፎቅ ቤቶች ተሞላ። ዛሬ እዚያው ጣቢያ ላይ ቆማችሁ ጆሮአችሁን ብታቀኑ ከኖርዌጅኛው ጋር ሶማሊኛ፣ ኡርዱ፣ ታሚል፣ ትግርኛና አማርኛ ትሰማላችሁ። እኛ የምንኖርበት ፎቅ ሊፍት የለውም። ይህን የምነግራችሁ ያለ ነገር አይደለም። እናቴ በ71 ዓመቷ፣ በ2022 መከር ላይ፣ ስትሮክ መትቷት ግራ እጇና ግራ እግሯ በደከመ ጊዜ የደረጃው ቁጥር የሕይወታችን ቁጥር ሆኖ ነበርና ነው።

ከሆስፒታል ወጥታ ለጥቂት ሳምንታት አንድ ማገገሚያ ቤት ገባች። ስሙን አልጠራም፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስም ማጥፋት አይደለም። እዚያ ሳለች አንዲት ኤርጎቴራፔውት ልትመረምራት ቀጠሮ ያዘች። በእንግሊዝኛው አጠራር ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚባለው ባለሙያ ማለት ነው። በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚ አልመጣም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አያቷን ልትጠይቅ የሄደችው የ13 ዓመት ልጄ "አንቺ ተርጉሚ" ተባለች።

እናቴን ወደ ማሠልጠኛው ማድቤት ወሰዷት። የቡና ማሽን፣ የተቆረጠ ዳቦና ቡናማው የኖርዌይ አይብ ፊቷ ተቀመጠ። ቡና አፍልተሽ ዳቦ አዘጋጂ ተባለች። እናቴ በሕይወቷ የቡና ማሽን ነክታ አታውቅም። ቆማ አየችው። ወረቀቱን የት እንደሚከቱ፣ ውኃው በየት እንደሚፈስ ግራ ገባት። ባለሙያዋ ቀጠለችና "እቤትሽ ስትመለሺ ምግብ ማብሰል የምትችዪ ይመስልሻል?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ እንደ አገሯ ወግ፣ እችላለሁ ብሎ መመካት ነውር ስለሚመስላት፣ "እግዜር ያውቃል ልጄ" አለች። ልጄ ደግሞ እንደሰማችው አደረገችው፤ "አታውቅም፣ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው" ብላ ተረጎመች።

ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ምን ነበር ብትሉ፣ እናቴ ተከታታይነት ያለው ሥራ መሥራት እንደማትችል፣ ስለራሷ አቅም ግንዛቤ እንደሌላት፣ ብቻዋን እቤት መቆየት እንደማይገባትና ምድጃ እንዳትነካ የሚል ነበር።

እኛም አመንን። ለምን አናምንም? ባለሙያዋ ፈቃድ ያላት፣ ትሑት፣ ፈገግታ የማይለያት ልጅ ነበረች። ባለቤቴ የማታ የጽዳት ሥራዋን ተወች። እናቴ ለ7 ወር ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያ የደከመ እጅ በሥራ መፍታታት በሚገባው ጊዜ ጭኗ ላይ ተኝቶ ከረመ።

ሙያው ምንድን ነው?

ፊዚዮቴራፒን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ኤርጎቴራፒ ግን ለእኛ እንግዳ ነው። በአጭሩ ላስረዳ። ፊዚዮቴራፒስቱ እግርህ እንዲራመድ ይደክማል። ኤርጎቴራፔውቱ ደግሞ የተራመደው እግር ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ይጠይቃል። መልበስ፣ መታጠብ፣ ማብሰል፣ መጻፍ፣ ልጅ ማቀፍ፣ ወደ ሥራ መመለስ፣ እነዚህ ናቸው የሙያው ሜዳ። አሜሪካኖቹ የሙያው ሰዎች በ1917 ማኅበር መሥርተው ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችም ሙያውን ይበልጥ እንዲታወቅ አደረጉት። ኖርዌይ ውስጥ ከ2020 መግቢያ ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሙነ፣ ማለትም እያንዳንዱ የአካባቢ አስተዳደር፣ ይህ ባለሙያ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል።

የሙያው ክብደት ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። አንድ አዛውንት እቤቱ ይኖራል ወይስ ወደ አረጋውያን ተቋም ይገባል፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ይሰፋለት ይሆን፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይሰጠው ይሆን፣ የቤት ውስጥ እርዳታ ስንት ሰዓት ይፈቀድለት ይሆን፣ በእነዚህ ሁሉ ላይ የኤርጎቴራፔውቱ ግምገማ ትልቅ ድምፅ አለው። ቢላዋ የያዘ ሐኪም ሲሳሳት ደም ይፈሳል፤ ሁሉም ያየዋል። ብዕር የያዘ ባለሙያ ሲሳሳት ግን የሚታይ ደም የለም። አንዲት እናት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጎረቤትም "እርጅና ነው" ይላል።

ፈቃዱን ማን ይሰጣል፣ ማንስ ይነጥቃል?

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ኖርዌይ በ1999 ያወጣችውና ከ2001 መግቢያ ጀምሮ የሚሠራ የጤና ባለሙያዎች ሕግ አላት። የሕጉ አንቀጽ 48 የመንግሥት ፈቃድ የሚያስፈልጋቸውን ሙያዎች ይዘረዝራል። ከሐኪሙ፣ ከነርሷ፣ ከአዋላጇና ከፋርማሲስቱ ጋር ኤርጎቴራፔውቱም እዚያ ውስጥ አለ። ፈቃዱን ዛሬ የሚሰጠው ሄልሰዲሬክቶራተት የተባለው የጤና ዳይሬክቶሬት ነው። እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተቋቋመ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ2016 ወደ ዳይሬክቶሬቱ ተጠቃለለ።

ፈቃድ ያገኘ ሰው የጤና ባለሙያዎች መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የራሱ ቁጥርም ይኖረዋል። ይህ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። እኔም እናንተም ኮምፒዩተር ላይ ገብተን እቤታችን የመጣው ሰው ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ማየት እንችላለን። ፈቃድ ሳይኖረው በሙያው ስም የሚጠራ ሰው ሕግ ጥሷል።

መዝገቡን ባየሁበት ቀን የእናቴ መርማሪ ስም እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሙሉ ፈቃድ፣ ምንም ገደብ የሌለበት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ፈቃድ ማለት ሰውየው ተምሯል ማለት እንጂ ዛሬ በትክክል ሠርቷል ማለት አይደለም። ሁለተኛውን የሚጠብቀው ሌላ አካል ነው።

የሕጉ አንቀጽ 4 ባለሙያው ሥራውን ኃላፊነት በተሞላበትና ሙያው በሚጠይቀው ጥንቃቄ እንዲሠራ ያዛል። ይህን መጣስ አለመጣሱን መጀመሪያ የሚያየው ስታትስፎርቫልተረን ነው፤ መንግሥት በየክፍለ አገሩ ያስቀመጠው እንደራሴ ልንለው እንችላለን። ከ2021 በፊት ፊልከስማነን ይባል ነበር። ነገሩ ከባድ ሲሆን ወደ ስታተንስ ሄልሰቲልሲን፣ ወደ አገር አቀፉ የጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያልፋል። ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ፈቃድን መገደብ፣ ፈቃድን መንጠቅ የዚህ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ነው። የተቀጣው ባለሙያም ይግባኝ የሚልበት ነፃ የቅሬታ ሰሚ አካል አለው። ይህም ተገቢ ነው፤ የሰው እንጀራ በአንድ ደብዳቤ መቆረጥ የለበትም።

የዝምታችን ዋጋ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ለመሆኑ መንግሥት አንድ ኤርጎቴራፔውት ሊንደሩድ ውስጥ በአንዲት ኢትዮጵያዊት ማድቤት ምን እንዳደረገ በምን ያውቃል?

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች የምታውቁት አሠራር ሌላ ነው። እዚያ ፈቃዱን የሚሰጠው ፌዴራሉ ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት ነው። ፍሎሪዳና ኒውዮርክ በ1975 የፈቃድ ሕግ አወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ባለሙያው አገር አቀፍ ፈተና ያልፋል፣ ከስቴቱ ፈቃድ ይወስዳል፣ ከዚያም ፈቃዱን በየጊዜው ማደስ አለበት። ለማደስ ደግሞ ተጨማሪ ትምህርት መውሰዱን እንዲያሳይ በብዙ ስቴቶች ይጠየቃል።

ኖርዌይ ውስጥ ግን አንድ ኤርጎቴራፔውት ፈቃዱን አንዴ ካገኘ በየሁለት ዓመቱ እየሄደ አያሳድስም። ሥርዓቱ የቆመው በእምነት ላይ ነው። እምነቱ ሲጎድል የሚታወቀው አሠሪው ሲከታተል፣ ባልደረባው ሲናገር፣ ወይም ታካሚው አቤት ሲል ነው። ሕጉ ባለሙያው ራሱ የታካሚን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ሲያይ ለተቆጣጣሪው እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። የሆነ ሆኖ እቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ በአስተርጓሚ በሚሠራ ሥራ ላይ ከታካሚው በቀር ምስክር የለም።

ስለዚህ እኛ ዝም ስንል የቁጥጥሩ አንድ እግር ይሰበራል። ዝምታችን ጨዋነት ይመስለናል እንጂ ለመንግሥት የሚነግረው "ሁሉም ደህና ነው" የሚል የሐሰት ወሬ ነው።

ለምን ዝም እንላለን? የራሴን ልንገራችሁ። ሪፖርቱን ተጠራጥሬ አቤት ልበል እያልኩ ሳስብ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ "አንተ ልጅ፣ ያጎረሰህን እጅ ትነክሳለህ እንዴ?" አሉኝ። ሌላው ጓደኛዬ የእናቴ የመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ እንዳያመጣ ፈራ። እኔ ራሴ ደግሞ ያችን ትሑት ልጅ ሥራ የማሳጣት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። አገራችን ውስጥ ባለሥልጣንን መክሰስ ምን እንደሚያስከትል ያየ ሰው ፍርሃቱን በሻንጣው ይዞት ይመጣል። በረዶ አገርም ሻንጣው አይከፈትም።

ግን እኮ ሦስቱም ስጋቶች ስሕተት ነበሩ። ሕክምናው ምጽዋት አይደለም፤ እኔም ባለቤቴም ግብር እንከፍላለን፤ ባንከፍልም መብቱ የታካሚዋ ነው። የመኖሪያ ፈቃድን የሚመለከተው ፈጽሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አቤቱታ ማለትም ሰውን ከሥራ ማባረር ማለት አይደለም። ፈቃድ መነጠቅ በጣም ከባድ ለሆኑ ጥፋቶች የተቀመጠ ነው።

ሦስቱ በሮች

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም አቤቱታ አንድ አድርጎ በማየቱ ነው። በሮቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በር ውሳኔን መቃወም ነው። ለምሳሌ የጠየቃችሁት የቤት እርዳታ ከተከለከለ፣ ቅሬታውን የምትጽፉት ለወሰነው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ጊዜው ውሳኔው ከደረሳችሁ ጀምሮ 4 ሳምንት ነው። መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን ካላሻሻለ ጉዳዩን ወደ ስታትስፎርቫልተረን የማሳለፍ ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው በር ስለ ባለሙያው ወይም ስለ ተቋሙ አሠራር ማመልከት ነው። ይህ በቀጥታ ለስታትስፎርቫልተረን ይጻፋል። እዚህ የምትጠይቁት ተጨማሪ እርዳታ ሳይሆን "ሥራው በአግባቡ ተሠርቷል ወይ?" የሚለውን ነው።

ሦስተኛው በር ካሣ ነው። በሕክምና ስሕተት ጉዳት ደርሶ ገንዘብ ነክ ኪሣራ ካስከተለ የታካሚ ጉዳት ካሣ መሥሪያ ቤት አለ። ማመልከቻው አያስከፍልም፤ ነገር ግን ጉዳቱን ካወቃችሁበት ወይም ማወቅ ከሚገባችሁ ጊዜ ጀምሮ 3 ዓመት ካለፈ መብቱ ሊቀር ይችላል።

የትኛውን በር እንደምታንኳኩ ካላወቃችሁ የታካሚዎችና የተጠቃሚዎች እንባ ጠባቂ አለ። ምክሩ በነፃ ነው፤ ስማችሁን ሳትናገሩም መጠየቅ ትችላላችሁ። ደብዳቤ በመጻፍም ይረዳል። እሱ ማንንም አይቀጣም፤ መንገድ ያሳያል እንጂ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሕክምና መዝገባችሁን ጠይቁ። የተጻፈባችሁን ማየት መብታችሁ ነው። እኔ የእናቴን ውክልና ይዤ ሪፖርቱን አስወጥቼ ባላነብ ኖሮ "እግዜር ያውቃል" የሚለው ትሕትና የአእምሮ ድካም ሆኖ እንደተመዘገበ አላውቅም ነበር።

አስተርጓሚን በሚመለከትም ሕጉ ግልጽ ነው። ከ2022 መግቢያ ጀምሮ የሚሠራው የአስተርጓሚ ሕግ የመንግሥት አካላት ልጆችን ለትርጉም እንዳይጠቀሙ ይከለክላል፤ የሚፈቀደው እንደ ሕይወት ማዳን ላለ አስቸኳይ ሁኔታ ነው። የታካሚዎች መብት ሕግም መረጃ ታካሚው በሚገባው መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። "ልጄ ትተርጉምልኝ" ብለን እኛው ራሳችን የምናቀርብ ወላጆችም ከዚህ እንማር። የልጆቻችን አማርኛ የምሳና የእራት አማርኛ ነው። የአያትን ነገር በ13 ዓመት ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ማድቤታችን ውስጥ የሆነው

በ2023 ጸደይ ላይ ሌላ ኤርጎቴራፔውት እቤታችን ድረስ መጣች፤ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። ባለሙያ አስተርጓሚ ይዛ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ጠዋት ስትነሺ ምን መሥራት ትወጂያለሽ?" ብላ ጠየቀች። እናቴ ወደ ረከቦቱ አየች።

ቡናውን አጠበች፤ ቆላች፤ በደህና እጇ እያማሰለች በደካማው መቁያውን ያዘች። ሙቀጫው ስለከበዳት ባለሙያዋ የማያንሸራትት ምንጣፍ ከሥሩ አነጠፈች። ጀበናው ሲገነፍል እናቴ ማንም ሳይነግራት ምድጃውን ቀነሰች። ቀድታ ስትጨርስም አጠፋችው። ባለሙያዋ ይህን ሁሉ እየጻፈች ሦስተኛውን ጠጥታ ተነሳች። ተከታታይ ሥራ መሥራት አትችልም የተባለችው ሴት ከመቁላት እስከ በረካ አደረሰቻት።

አዲሱ ሪፖርት እናቴ ጥቂት ነገር ከተስተካከለላት ብቻዋን መዋል እንደምትችል ጻፈ። ምድጃው ላይ ራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ተገጠመ፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መቀመጫና መያዣ ገባ። ባለቤቴ ሥራ ፈልጋ ገባች።

በሁለተኛው በር ያስገባሁት አቤቱታም መልስ አገኘ። ልጅን በአስተርጓሚነት ተጠቅሞ እንዲህ ያለ ግምገማ ማድረግ ተገቢ እንዳልነበረ ደብዳቤው ገለጸ፤ ተቋሙም አሠራሩን እንዲያስተካክል ተነገረው። ባለሙያዋ ፈቃዷ አልተነካም። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። የፈለግሁት ከእናቴ በኋላ የምትመጣው አሮጊት ማሽን ፊት እንዳትቆም ብቻ ነበር።

ያ 7 ወር ግን አልተመለሰም። የእናቴ ግራ እጅ ጣቶች ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጉም። ቀደም ብሎ ቢሠራበት ኖሮ ይዘረጋ ነበር ወይ? እሱን እንኳ እውነትም እግዜር ያውቃል።

ለአገር ቤት

ይህን ሁሉ ስጽፍ ልቤ ወደ አገር ቤት መሄዱ አልቀረም። እኛ አገር አጥንት የተሰበረ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። የወጌሻ ፈቃዱ ስሙ ነው፤ ተቆጣጣሪው ጎረቤቱ ነው። በገጠር መንደር ይህ የራሱ ጥበብ አለው። ሰው በሰው በማይተዋወቅበት ከተማ ግን አይሠራም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኲንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር ይህን ሙያ አገራችን ውስጥ በዲግሪ ማስተማር መጀመሩ ትልቅ ዜና ነው። ቀድሞ የጤና ባለሙያን ቁጥጥር በ2009 በወጣው አዋጅ ቁጥር 661 መሠረት የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ይይዘው ነበር። በ2019 አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ ባለሥልጣኑ በምግብና በመድኃኒት ላይ ተወሰነ፤ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴርና ወደ ክልል ጤና ቢሮዎች ሄደ።

ፈቃድ መስጠቱ ቀላሉ ግማሽ ነው። ከባዱ ግማሽ አንዲት የደባርቅ ወይም የመርካቶ እናት ወረቀት ሲበድላት የምታንኳኳው በር የት እንዳለ ማወቋ ነው። አዲስ ሙያ ሲወለድ ይህን በር አብሮ ማበጀት ይቻላል፤ በኋላ ግድግዳ ከማፍረስ ይቀላል። እዚያ የምታስተምሩና ሕግ የምታረቁ ወገኖች ይህን ብታስቡበት እላለሁ። በግምገማችሁም ውስጥ የቡና ማሽን ሳይሆን ጀበና አስቀምጡ።

ለእኛ በስደት ላለነው ደግሞ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ እንናገር። በትሕትና፣ በወረቀት፣ በቀኑ። መዝገቡን እንይ፣ አስተርጓሚ እንጠይቅ፣ በሩን እንለይ። ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ዓይን የሚኖረው እኛ ዓይኑ ስንሆንለት ነው።

እናቴ አሁን ይህን ስጽፍ ማድቤት ናት። የሚቆላው ቡና ሽታ ይመጣል። ሂጄ ልርዳት ብል "ተቀመጥ አንተ፣ እኔው እችላለሁ" ትለኛለች። እግዜር ያውቃል ማለቱን ትታዋለች።

ቸር ይግጠመን።

ከሊንደሩድ፣ ኦስሎ